ጂኑ ካልተለወጠ ካንሰሩ እንዴት ተሰራጨ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አባባ የቆሽት ካንሰር ተገኝቶበት የዊፕል ቀዶ ጥገና (የቆሽቱን ራስ ከአጠገቡ ካለው አንጀት ጋር የሚያወጣው) ተደረገለት። ዕጢው በሙሉ ወጥቷል፣ ጠርዙም ንጹህ ነው ተባልን። ኬሞም ወስዷል። ዓመት ሳይሞላው ጉበቱ ላይ ታየ። ከሁለቱም ቦታ የተወሰደው ናሙና የጂን ምርመራ ሲደረግለት ውጤቱ አንድ ዓይነት ሆነ፦ ኬራስ፣ ቲፒ53፣ ስማድ4። ሐኪሙን ‹ጂኑ ካልተለወጠ ምኑ ተለውጦ ተሰራጨ?› ብዬ ስጠይቀው ‹የጂን ቁጥጥር ነው› ብሎኝ ወደ ሌላ ታካሚ ሄደ። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ የካንሰር ግንድ ሕዋስ የሚባል ነገር አገኘሁ። እሱን የሚገድል መድኃኒት ካለ ለምን አይሰጡትም? እኛ ልጆቹስ እንመርመር?»

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር አባባን ይማርልሽ። አንድ ነገር ላስቀድም። «ዶክተር» ያልሽኝ በትምህርት ማዕረጌ እንጂ እኔ ታማሚ አላክምም። ሥራዬ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ የካንሰር ሕዋሳት ጂኖቻቸውን እንዴት እንደሚያነቡ አጠናለሁ። የአባባን ሕክምና የሚመራው ሐኪማቸው ነው። እኔ ሐኪሙ ቸኩሎ ያለፈውን ልዘርዝርልሽ። ትንሽ ይረዝማል።

አጭሩን መልስ ከፈለግሽ፣ ሐኪሙ ልክ ነው። የቆሽት ካንሰር ለመሰራጨት የግድ አዲስ የጂን ስህተት አያስፈልገውም። ያሉትን ጂኖች የሚያነብበትን መንገድ ይቀይራል። የካንሰር ግንድ ሕዋስ የሚባለውም በአብዛኛው እንዲህ ባለ ንባብ የሚመጣ ሁኔታ ነው፤ ሕዋሱ ይገባበታል፣ ይወጣበታልም። መድኃኒት ያልተገኘለትም በዋናነት በዚህ ጠባዩ ነው።

ወረቀቱ ላይ ካሉት ስሞች እንጀምር። ኬራስ «እደግ፣ ተባዛ» የሚለውን ትእዛዝ ወደ ሕዋሱ ውስጥ የሚያስተላልፍ ፕሮቲን ነው። ጤናማ ሕዋስ ውስጥ ሲያስፈልግ ይበራል፣ ሲበቃ ይጠፋል። በቆሽት ካንሰር ግን ከ10 ታማሚዎች በ9ኙ ገደማ ጂኑ ተበላሽቶ ፕሮቲኑ እንደበራ ይቀራል። ቲፒ53 እና ስማድ4 የማቆሚያው ወገን ናቸው። እነሱ ሲበላሹ የሚገታ ይጠፋል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የቲፒ53 ፕሮቲን ሥራው ዲኤንኤ ላይ ተቀምጦ ሌሎች ጂኖች እንዲነበቡ ማድረግ ነው። የሚያዛቸው ጂኖች በመቶዎች ይቆጠራሉ። ስማድ4ም እንዲሁ የጂን ንባብ የሚመራ ፕሮቲን ነው። ኬራስ የሚያስተላልፈው ትእዛዝም መጨረሻው እንደነዚህ ያሉ ጂን አንባቢ ፕሮቲኖች ዘንድ ነው። ስለዚህ አባባ ዕጢ ውስጥ የተበላሹት ጂኖች ራሳቸው የቁጥጥሩ አካል ናቸው። ስህተቱ የተጻፈው ሦስት ጂኖች ላይ ቢሆንም የተዛባው የብዙ ሺህ ጂኖች ንባብ ነው። የምርመራ ወረቀቱ ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያሳይሽ። የተለመደው ምርመራ የጂኖቹን ፊደል ያነባል እንጂ የትኛው ጂን በርቷል፣ የትኛው ጠፍቷል የሚለውን አይነግርሽም።

«ሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ነው» ያሉሽ ደግሞ በአባባ ላይ ብቻ የታየ አይደለም። ከእናንተ ብዙም በማይርቀው ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ ክሪስቲን ኢያኮቡዚዮ-ዶናሁ የምትመራው ቡድን በዚህ በሽታ ካረፉ ሰዎች፣ በፈቃድ፣ ሕይወታቸው ካለፈ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ናሙና ይሰበስብ ነበር። ዋናውን ዕጢ፣ ጉበት ላይ ያለውን፣ ሳንባ ላይ ያለውን፣ ሁሉንም። በ2010 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራልሽ) የ7 ሰዎችን ውጤት አወጡ። ከመጀመሪያዋ የጂን ስህተት እስከ መጀመሪያዋ እውነተኛ የካንሰር ሕዋስ ቢያንስ 10 ዓመት እንደሚያልፍ፣ ሕዋሱ የመሰራጨት ችሎታ እስኪያገኝ ደግሞ ቢያንስ ሌላ 5 ዓመት እንደሚፈጅ ገመቱ። በ2017 ተመሳሳይ ጥናት ሲሠሩ በአንድ ታማሚ አካል ውስጥ ያሉት ስርጭቶች ሁሉ በዋና ዋናዎቹ የካንሰር ጂኖች አንድ ዓይነት ሆነው ተገኙ። «የስርጭት ጂን» ተብሎ ሲፈለግ የኖረው ነገር እዚያ አልነበረም።

ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው?

ክራር አስቢ። አውታሮቹ ያው ናቸው። ደርዳሪው አንዱን ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ ሲያደርግ ግን ትዝታ የነበረው ባቲ ይሆናል። ዲኤንኤም እንዲሁ ነው። የአባባ የጉበት ሕዋስና የቆሽት ሕዋስ አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ነው ያላቸው። አንዱ ሐሞት፣ ሌላው ምግብ የሚያልም ኢንዛይም የሚያመነጨው ቅኝቱ ስለተለያየ ነው።

ይህ ቅኝት በሕዋሱ ውስጥ በተጨባጭ የሚታይ ነገር ነው። ቢዘረጋ 2 ሜትር የሚሆነው ዲኤንኤ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሟል። ሂስቶኖቹም ዲኤንኤውም ላይ ትንንሽ የኬሚካል ምልክቶች ይለጠፋሉ፤ ሜቲል፣ አሴቲል የሚባሉ። እንደ ምልክቱ ዓይነት ጥምጥሙ አንዳንድ ቦታ ይጠብቃል፣ አንዳንድ ቦታ ይላላል። የጠበቀው አይነበብም። የላላው ላይ ጂን አንባቢ ፕሮቲኖች ይቀመጣሉ። ከጂኑ ራቅ ብለው የሚገኙ፣ ኢንሃንሰር የሚባሉ የዲኤንኤ ቁራጮችም አሉ። እነሱ ሲነቁ ጂኑ አብዝቶ ይነበባል። ጂኑ ከተነበበ በኋላም ጉዳዩ አያልቅም። ማይክሮ አርኤንኤ የሚባሉ በጣም አጫጭር ሞለኪውሎች የተነበበውን መልእክት ፕሮቲን ሳይሆን ያስቀሩታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከዲኤንኤው ፊደል አንዲት እንኳን አልተቀየረችም።

አሁን ወደ ቆሽት እንመለስ። በ2017 እዚያው ጆንስ ሆፕኪንስ የአንድሪው ፋይንበርግ ቡድን ኢያኮቡዚዮ-ዶናሁ ከሰበሰበቻቸው ናሙናዎች ወስዶ እነዚህን ምልክቶች ተመለከተ። እዚያው ሆድ ዕቃ ውስጥ የተዘራው ካንሰርና በደም ተጉዞ ጉበትና ሳንባ የደረሰው ካንሰር ተለያዩ። ራቅ ብለው የሄዱት ላይ፣ በፊት ጥብቅ የነበሩ ሰፋፊ የዲኤንኤ ክፍሎች ምልክታቸውን ጥለዋል። ከዚህ ጋር አብሮ የሄደው ነገር ደግሞ ስኳር ነው። እነዚህ ሕዋሳት ግሉኮስን በተለየ መንገድ ይጠቀሙ ነበር። ተመራማሪዎቹ ላብራቶሪ ውስጥ ያንን የስኳር መንገድ በኬሚካል ሲዘጉት ምልክቶቹ ተመለሱ፤ የሕዋሱ ዕጢ የመሥራት ጉልበትም ወረደ። በአንድ ፊደል ስህተት የመጣ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተመለሰ ነበር። እኔን ከሁሉም በላይ የገረመኝ ይኼ መመለሱ ነው።

(ስኳር ሲባል አባባን ጣፋጭ እንዳትከለክያቸው አደራ። ክብደት መቀነስ ለእነዚህ ታማሚዎች ዋና አደጋ ነው። ይህ መንገድ የሚዘጋው ሕዋሱ ውስጥ እንጂ ማዕድ ላይ አይደለም።)

በዚያው ዓመት ኒውዮርክ፣ ኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ውስጥ የክሪስቶፈር ቫኮክ ቡድን በአይጥ ዕጢዎች ላይ ሠርቶ ሌላ ነገር አገኘ። በተሰራጩት ሕዋሳት ውስጥ ፎክስኤ1 የሚባል ጂን አንባቢ ፕሮቲን በዝቶ ብዙ ኢንሃንሰሮችን አንቅቷል። የነቁት ጂኖች የሚታወቁት ከጽንስ ነው፤ ሆድ ዕቃ ሲፈጠር፣ ጉበትና ቆሽት ገና ሳይለያዩ የሚሠሩ ናቸው። ማለት አንድ ጎልማሳ የቆሽት ሕዋስ የጽንስ ጊዜ ንባቡን መልሶ አወጣ። ጽንስ ላይ ያሉ ሕዋሳት ደግሞ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይባዛሉ፣ አዲስ ቦታ ላይ ይሰፍራሉ።

ግንድ ሕዋስ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ጤናማ ግንድ ሕዋስ መቅኒ ውስጥ፣ አንጀት ውስጥ አለ። ራሱን ይተካል፣ ሌሎችንም ይወልዳል። ካንሰር ውስጥም ተመሳሳይ ጠባይ ያላቸው ጥቂት ሕዋሳት እንዳሉ ቶሮንቶ ውስጥ የጆን ዲክ ቡድን በ1994 በደም ካንሰር ላይ አሳየ። ለቆሽት ተራው የደረሰው በ2007 ነው። ያኔ ሁለት ቡድኖች ለየብቻ መጡ። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዳያን ሲሚዮን የምትመራው ቡድን ከሰው ዕጢ የተወሰዱ ሕዋሳትን በላያቸው ባለው ፕሮቲን ለየ። ሲዲ44፣ ሲዲ24 እና ኢኤስኤ የተባሉትን ሦስቱንም የያዙት ከ1000 ሕዋሳት ከ2 እስከ 8 ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ 100 ብቻ ተወስደው አይጥ ላይ ሲተከሉ ከ12 አይጦች 6ቱ ላይ ዕጢ በቀለ። ሌሎቹ ሕዋሳት ይህን ለማድረግ እጅግ ብዙ መሆን ነበረባቸው።

ሁለተኛው፣ የክሪስቶፈር ሂሸን ቡድን በሙኒክ፣ ላንቺ ጥያቄ ይበልጥ ይቀርባል። እነሱ ሲዲ133 የሚባል ምልክት የያዙትን ነበር የተከተሉት። ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹ ሲኤክስሲአር4 የሚባል ተጨማሪ ተቀባይ አላቸው፤ የሚገኙትም ዕጢው ወደ ጤናማው አካል በሚገባበት ጠርዝ ላይ ነው። እነዚህ ሲወገዱ የቀሩት ግንድ ሕዋሳት አይጡ ላይ ዕጢ መሥራታቸውን ቀጠሉ። ስርጭት ግን ቆመ። ስለዚህ ሁሉም ግንድ ሕዋስ ተጓዥ አይደለም። የሚጓዘው ተጨማሪ ነገር ያነበበው ነው።

ይህን ንባብ የሚያመጣው ምንድን ነው? ብዙ ተዋናይ አለ። እኔ አንዱን ብቻ በደንብ ላስረዳሽ፤ እሱ ከገባሽ ሌላው ይቀላል።

ዜብ1 የሚባል ጂን አንባቢ ፕሮቲን አለ። ጂን አንባቢ ልበለው እንጂ የዜብ1 ዋና ሥራ ጂን መዝጋት ነው። ከሚዘጋቸው አንዱ ኢ-ካድሄሪን የሚባለው ሕዋሳትን እርስ በርስ የሚያያይዘው ፕሮቲን ጂን ነው። ኢ-ካድሄሪን ሲጠፋ ሕዋሱ ከጎረቤቶቹ ይላቀቃል፣ ቅርጹ ይረዝማል፣ መንቀሳቀስ ይጀምራል። በሌላ ወገን ማይክሮ አርኤንኤ 200 የሚባሉ አጫጭር ሞለኪውሎች አሉ። እነሱ የዜብ1ን መልእክት ያጠፋሉ። ዜብ1 ደግሞ የእነሱን ጂን ይዘጋል። ሁለቱ እንዲህ ተያይዘዋል። ማይክሮ አርኤንኤ 200 ከበላይ ከሆነ ሕዋሱ ረግቶ ይቀመጣል። ዜብ1 ካሸነፈ ይላቀቃል። መሀል ቤት ላይ መቆም ለጊዜው ይቻላል፤ የካንሰር ሕዋሳትም ብዙውን ጊዜ እዚያው መሀል ይገኛሉ።

በ2009 ጀርመን ውስጥ የቶማስ ብራብሌትስ ቡድን ያሳየው ነገር የመላቀቅንና የግንድነትን ታሪክ አንድ አደረጋቸው። ማይክሮ አርኤንኤ 200 እና ዘመዶቹ ከዜብ1 በተጨማሪ የግንድነት ፕሮቲኖችንም ያፍናሉ፤ ሶክስ2፣ ኬኤልኤፍ4 እና ቢኤምአይ1 የሚባሉትን። ዜብ1 ማይክሮ አርኤንኤዎቹን ሲዘጋ ታዲያ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። ሕዋሱ ይላቀቃል፣ በዚያው ቅጽበትም የግንድነት ጠባይ ያገኛል። የሚሄደውና አዲስ ዕጢ መጀመር የሚችለው አንድ ሕዋስ ሆነ ማለት ነው። ኬሞን የመቋቋም አቅምም አብሮ ይመጣል።

ዜብ1ን የሚቀሰቅሰው ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ነገር ነው። የቆሽት ዕጢ አብዛኛው ክፍሉ ካንሰር ሕዋስ እንኳ አይደለም፤ ጠባሳ መሰል ጠንካራ ሕብረ ሕዋስ ነው። እሱ ቲጂኤፍ-ቤታ የሚባል መልእክተኛ ያመነጫል። ኦክስጅን ያንሳል። ብግነት አለ። ይህ ሁሉ ሕዋሱን ወደ ዜብ1 ወገን ይገፋዋል።

አባባ ወረቀት ላይ ያለው ስማድ4 ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ጋ ነው። ቲጂኤፍ-ቤታ መልእክቱን የሚያደርሰው በስማድ4 በኩል ነው። በ2016 ኒውዮርክ፣ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ውስጥ የጆአን ማሳጌ ቡድን ይህን ፈታ። ስማድ4 ጤነኛ በሆነበት የካንሰር ሕዋስ ውስጥ ቲጂኤፍ-ቤታ ሲመጣ ሕዋሱ መላቀቅ ይጀምራል፤ ከዚያ ግን ይሞታል። ሶክስ4 የሚባለው ፕሮቲን ባልደረባው ኬኤልኤፍ5 ስለተዘጋበት ሕዋሱን ወደ ሞት ይመራዋል። ስማድ4 ሲጠፋ ኬኤልኤፍ5 አይዘጋም። ያው ሶክስ4፣ ከኬኤልኤፍ5 ጋር ሆኖ፣ አሁን ዕጢውን ያሳድጋል። አንድ ፕሮቲን፣ አጠገቡ ማን እንዳለ እየታየ፣ ገዳይም አሳዳጊም ይሆናል። ስማድ4 የጠፋባቸው ዕጢዎች ሰፋ ብለው የመሰራጨት ዝንባሌ እንዳላቸው በሰው ላይም ታይቷል።

በነገራችን ላይ እዚህ ዘርፍ ውስጥ ጸብ አለ። በ2015 ቴክሳስ ውስጥ የራግሁ ካሉሪ ቡድን ስኔይልና ትዊስት የሚባሉትን፣ የዜብ1 ባልደረቦች፣ ከአይጥ ቆሽት ውስጥ አጠፋ። ስርጭቱ አልቀነሰም። ኬሞ ግን የበለጠ መሥራት ጀመረ። ብዙዎች «በቃ፣ መላቀቅ ለስርጭት አያስፈልግም» አሉ። በ2017 ብራብሌትስና ባልደረቦቹ ዜብ1ን ራሱን ሲያጠፉ ግን ስርጭቱ በግልጽ ወረደ። እኔ እንደማየው ሁለቱም አልዋሹም። አንዱን ስትዘጊ ሌላው ይተካዋል፤ ዜብ1 ግን በቀላሉ የሚተካ አይመስልም። ደግሞም አይጥ ላይ ነው። አይጥ ሰው አይደለም።

«ዕጢው በሙሉ ወጥቷል» ተብለሽ ዓመት ሳይሞላ ጉበት ላይ መታየቱ የቀዶ ጥገናው ስህተት እንዳይመስልሽ። በ2012 ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቤን ስታንገር ቡድን የአይጥ ቆሽት ሕዋሳትን ቢጫ እንዲያበሩ አድርጎ ተከተላቸው። በማይክሮስኮፕ ካንሰር የሚባል ነገር ገና ሳይታይ ቢጫ ሕዋሳት ደም ውስጥና ጉበት ውስጥ ተገኙ። ቆሽት ሲቆጣ ደግሞ በዙ። የቆሽት ደም በቀጥታ የሚሄደው ወደ ጉበት ነው፤ ስለዚህ ጉበት መጀመሪያ መሆኑ አይገርምም። ሐኪሙ ያየውን ዕጢ በንጹህ ጠርዝ ማውጣቱ እውነት ነው። ቀድመው የወጡትን ጥቂት ሕዋሳት ግን ማንም በቢላ አያገኛቸውም፤ ስካንም አያሳያቸውም።

እነዚያ ሕዋሳት ለወራት ዝም ብለው ምን ሲሠሩ ነበር? በ2018 የዳግላስ ፊረን ቡድን በአይጥም በሰውም ጉበት ላይ ያየው ነገር መልስ ይሰጣል። ተነጥለው የተቀመጡ፣ የማይባዙ ሕዋሳት ነበሩ። የሰውነት መከላከያ የሚለያቸው ምልክት ፕሮቲን አልነበራቸውም። ቲ-ሴሎች የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት አጠገባቸው እያለፉ አያውቋቸውም። ስለማይባዙ ኬሞም አይነካቸውም። ሁኔታው ሲመቻች ምልክቱን ይመልሱና ያድጋሉ። ጉበት ላይ ጎልቶ ለማደግ ደግሞ እንደገና መያያዝ፣ ኢ-ካድሄሪንን መልሶ ማብራት ይጠቅማቸዋል። ሲሄዱ ያጠፉትን ሲደርሱ ያበሩታል ማለት ነው።

አሁን መድኃኒቱ። ግንድ ሕዋስን እንገድላለን የተባሉ መድኃኒቶች ተሞክረዋል፤ በትልቁ። ናፓቡካሲን የሚባለው ከ1100 በላይ የቆሽት ካንሰር ታማሚዎች በገቡበት ጥናት ከኬሞ ጋር ተፈትኖ በ2019 ጥቅም የለውም ተብሎ ቆመ። ኖች የሚባለውን የግንድ ሕዋስ መልእክት መንገድ የሚዘጉ ሁለት ፀረ-እንግዳ አካላትም በ2016 እና በ2017 ከሽፈዋል። ሄጅሆግ የሚባለውን መንገድ የሚዘጋው ሳሪዴጂብ አሳዛኝ ነው። በ2012 ጥናቱ የተቋረጠው መድኃኒቱን የወሰዱት ካልወሰዱት ብሰው ስለተገኙ ነው። በኋላ በአይጥ ላይ ሲጠና መድኃኒቱ የሚያሳሳው ያ ጠባሳ መሰል ሕብረ ሕዋስ ካንሰሩን በከፊል አፍኖ ይዞት እንደነበር ታየ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ከላይ ያልኩሽ ነው። የግንድነት ሁኔታ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ዛሬ ብትገድዪ ከቀሩት መካከል አንዳንዶቹ ነገ ንባባቸውን ቀይረው ቦታውን ይይዛሉ። ምልክታቸው እንኳን አይረጋም፤ ሲዲ133 ዛሬ ያለው ሕዋስ ነገ ላይኖረው ይችላል። ደግሞ ኖችም ሆነ ሄጅሆግ ጤናማ ግንድ ሕዋሳት የሚጠቀሙባቸው መንገዶች ናቸው። አጥብቀሽ ስትዘጊ እንደ አንጀት ያለ ጤናማ አካልም ይጎዳል። የጥምጥሙን ምልክቶች የሚቀይሩ መድኃኒቶችም አሉ። አንዳንዶቹ ለደም ካንሰር በሥራ ላይ ናቸው። ለቆሽት ግን እስካሁን መደበኛ ሕክምና አልሆኑም።

እኔ ተስፋ የማደርገው በሌላ በኩል ነው። ኬራስ ለ40 ዓመት ያህል መድኃኒት የማይዘው ፕሮቲን ይባል ነበር። በ2021 ሶቶራሲብ ለሳንባ ካንሰር ሲፈቀድ ያ አባባል ወደቀ። ሶቶራሲብ የሚይዘው ጂ12ሲ የሚባለውን የኬራስ ስህተት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በቆሽት ካንሰር ከ100 ሰው በ1 ወይም በ2 ነው የሚገኘው። እዚህ በብዛት ያለው ጂ12ዲ ነው፣ ቀጥሎ ጂ12ቪ። ለእነዚህም የሚሆኑ መድኃኒቶች መጥተዋል። ዳራክሶንራሲብ የተባለው በቆሽት ካንሰር 3ኛ ደረጃ የሰው ሙከራ ድረስ ደርሷል። ኬራስ ለተዛባው ንባብ ሁሉ ምንጭ ስለሆነ ምንጩን መያዝ ከቅርንጫፉ ይሻላል ባይ ነኝ። ግን ችግሩ እዚህም ይከተለናል። በ2014 በአይጥ ላይ ኬራስን ሙሉ በሙሉ ሲያጠፉት አንዳንድ ዕጢዎች ያፕ1 የሚባል ሌላ የንባብ መሪ አንስተው ያለ ኬራስ አደጉ። ስለዚህ ነገ የምናየው ሕክምና ምናልባት ሁለት ነገር በአንዴ የሚይዝ ነው የሚሆነው።

ተግባሩ እንግዲህ ይኼ ነው። የምርመራ ወረቀቱን አውጪና «ኬራስ» ከሚለው ቀጥሎ የተጻፈውን እዪ። ጂ12ዲ ነው? ጂ12ቪ? ጂ12አር? ሐኪሙን ይህን ይዘሽ ስለ ክሊኒካዊ ሙከራ ጠይቂው። ሜሪላንድ መሆናችሁ ዕድል ነው። ቤተስዳ ያለው የብሔራዊ ጤና ተቋም ሆስፒታል ሙከራ ውስጥ ለሚገቡ ሰዎች ሕክምናውን በነጻ ነው የሚሰጠው። ሙከራ ማለት ደግሞ አንዳንድ ዘመዶች እንደሚሉት የመጨረሻ ሰዓት ነገር አይደለም። ሰውነት ሳይዳከም በጊዜ መጠየቁ ነው የሚጠቅመው።

ኢንተርኔት ላይ «የስቴም ሴል (የግንድ ሕዋስ) ሕክምና ለካንሰር» እያሉ በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጡ ክሊኒኮች ያጋጥሙሻል። አንቺ ካነበብሽው ጋር ስሙ እንጂ ነገሩ አይገናኝም። ለቆሽት ካንሰር የሚሠራ እንዲህ ያለ ሕክምና የለም። ጥቁር አዝሙድም ከመጣ፣ መምጣቱ አይቀርም፣ በሳህን ላይ ያሉ የካንሰር ሕዋሳትን እንደሚጎዳ የሚያሳዩ የላብራቶሪ ጥናቶች እውነትም አሉ። ሳህን ላይ ብዙ ነገር ይሠራል። ቅመሙ ወጥ ውስጥ ችግር የለውም። በብዛት በዘይት ወይም በክኒን የሚወስዱት ከሆነ ግን ለሐኪሙ ሳትነግሩ አታድርጉት።

ስለ እናንተ ስለ ልጆቹ ልጨርስ። ወረቀቱ ላይ ያሉት ኬራስ፣ ቲፒ53 እና ስማድ4 የተገኙት ዕጢው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ በሰውየው ዕድሜ ውስጥ ቆሽት ላይ የተፈጠረ ስለሆነ ወደ ልጅ አይሄድም። የዜብ1ና የማይክሮ አርኤንኤ 200 ጉዳይም እንዲሁ እዚያው ዕጢ ውስጥ የሚቀር ነው። የሚወረሰው ሌላ ነው። ከ10 የቆሽት ካንሰር ታማሚዎች 1 ገደማ ብራካ2፣ ብራካ1፣ ኤቲኤም፣ ፓልቢ2 በሚባሉና በመሳሰሉ ጂኖች ላይ ከወላጅ የመጣ ስህተት ይዟል። ይህን የሚያሳየው የዕጢ ምርመራ ሳይሆን የደም ወይም የምራቅ ምርመራ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለማንኛውም የቆሽት ካንሰር ታማሚ እንዲደረግ ይመከራል። ለአባባ ተደርጎላቸው እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂ፤ መጀመሪያ መመርመር ያለባቸው እሳቸው ናቸው። ብራካ ከተገኘባቸው ለራሳቸውም ይጠቅማል። ፕላቲነም ያለባቸው ኬሞዎች የበለጠ ሊሠሩላቸው ይችላሉ፤ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ኦላፓሪብ የሚባለው ክኒን ለእንዲህ ዓይነት ታማሚዎች ተፈቅዷል።

ውጤቱ ነጻ ከሆነና በቤተሰቡ ሌላ የቆሽት ካንሰር ከሌለ ለእናንተ የተለየ ክትትል አይታዘዝም። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ያቁም። ያለ ምክንያት በድንገት ስኳር የያዘውና ክብደቱ የቀነሰ ሰው ካለም ሐኪም ይየው። ስህተት ከተገኘ ግን አንቺና ወንድም እህቶችሽ፣ አገር ቤት ያሉት የአባባ ወንድሞችና እህቶችም ጭምር፣ እያንዳንዳችሁ የመውረስ ዕድላችሁ ግማሽ በግማሽ ነው። የወረሰ ሰው በኤምአርአይ ወይም በኢንዶስኮፒ አልትራሳውንድ (በአፍ በሚገባ ቀጭን ቱቦ የሚደረግ) በየዓመቱ ይታያል። ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በ50 ዓመት አካባቢ ነው፤ ወይም ቤተሰቡ ውስጥ በትንሹ ዕድሜ ከታመመው ሰው 10 ዓመት ቀድሞ።

አንድ ነገር ብቻ ቀድሜ ልንገርሽ። የእኛ ሰው ሲመረመር «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል ውጤት በብዛት ይመጣል። ማነጻጸሪያው መረጃ የተሰበሰበው በአብዛኛው ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለ ውጤት ካያችሁ ስህተት ተገኘ ማለት ስላልሆነ እሱን ይዞ ለአክስት አዲስ አበባ መደወል አያስፈልግም። የጄኔቲክ አማካሪ ጋ ቀጠሮ ያዙ፤ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላም ትርጉሙ ተስተካክሎ እንደሆነ መልሳችሁ ጠይቁ።